የመስኮቱ ኩባያ

ባለፈው ቅዳሜ ጫማ ላሠራ ሰንሻይን ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ነበር። ከጫማ ሠሪው አጠገብ ካለች ትንሽ የህንድ ሱቅ የወተትና የዝንጅብል እንፋሎት ወጥቶ ፊቴን መታኝ። ባለሱቁ ድስቱ ሊገነፍል ሲል ብድግ ያደርገዋል፤ ሲረግብ ይመልሰዋል። እንደገና ብድግ፣ እንደገና መለስ። ጫማዬን በእጄ እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቆጠርኩለት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ "አሁን አውርደው፣ ይበቃዋል!" ልለው ምንም አልቀረኝም። የሰው ሱቅ ገብቶ አፈላል ማስተማር የጤነኛ ሥራ ስላልሆነ ዝም አልኩ። ሰውየው ግን በሦስተኛው አወረደው።

እኔን ያስተማሩኝ እትዬ ሳቪታ ናቸው። ሜድስቶን በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት።

ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር። እዚሁ ሜልቦርን ማለቴ ነው። አትክልት እንደልብ ውሃ ማጠጣት ተከለከለ፤ አስተማሪያችን "ሻወር ከአራት ደቂቃ እንዳይበልጥ" እያለች ታስጠነቅቀን ጀመር። እማዬ የወሎ ሰው ናት። ቴሌቪዥኑ ስለ ድርቅ ሲያወራ ምን እንዳለ ጠይቃኝ ስተረጉምላት ክው አለች። በማግስቱ ሱፐርማርኬት ገብታ የተደረደረውን ሁሉ አይታ ተመለሰችና "ይሄ ድርቅ ከሆነ ጥጋባቸውስ ምን ሊመስል ነው?" ብላ እስክትደክም ሳቀች። ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ገላችንን የምንታጠበው እግራችን ሥር ባልዲ አስቀምጠን ነበር። የወሎ ሰው በድርቅ አይቀልድም።

በዚያው ሰሞን እማዬ ሥራ አገኘች። ሰንሻይን ካለ አንድ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ነው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ሥራ ነበር። የሰጧትን ብርቱካንማ አብረቅራቂ ሰደሪያ እንደ ዒድ ልብስ አጥባ ወንበር ላይ ስትዘረጋው አሁንም ይታየኛል። ችግሩ እኔ ነበርኩ። አባዬ ከተማ መሃል የቢሮ ሕንፃ በሌሊት ሺፍት ስለሚጠብቅ ቀን ይተኛል፤ እማዬ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማን ይቀበለኝ?

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" አለችና እማዬ እጄን ይዛ አጥሩ ጋ ወሰደችኝ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጉጅራት ከሚባል የህንድ አገር የመጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ልጃቸውና ምራታቸው ሥራ ሲውሉ እሳቸው ቤት ይውላሉ። ከሳሪያቸው ላይ የሟች ባላቸውን ግራጫ ሹራብ ይደርባሉ፤ ከሥር ነጭ ስፖርት ጫማ ያደርጋሉ። ስማቸው ሳቪታ ነው፤ እማዬ ግን "በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም" ብላ እትዬ ጨመረችበት። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። አባታቸው የባቡር ጣቢያ ሹም ስለነበሩ በልጅነታቸው ጣቢያው ላይ የለቀሟት እንግሊዝኛ ነበረቻቸው። እማዬ ያቺም አልነበረቻትም። እኔ መሃል ቆሜ አስማማኋቸው።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ ጣዖት ፊት የቀረበ ጣፋጭ እንዳልበላ። እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝና በመጀመሪያው ቀን እንዳለ ለእትዬ ሳቪታ ዘረገፍኩላቸው። ምንም አልከፋቸውም። በማግስቱ ሰማያዊ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አሳዩኝ። "ይሄ አምላክ ፊት አይቀርብም። ያንቺ ብቻ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ ጣፋጭ በሠሩ ቁጥር የኔን ድርሻ ከጸሎታቸው በፊት እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡልኝ ነበር።

ኩባያም ነበረኝ። ጎኗ የተሰረጎደ የብረት ኩባያ ናት። የቤቱ ሰው ሁሉ ኩባያ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ የኔ ብቻ በውጭ በኩል በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ጠጥቼ ስጨርስ ራሴው ጓሮ ከባልዲ ቀድቼ አጥባታለሁ፤ እጣቢውን የሎሚው ዛፍ ሥር አፈሳለሁ፤ ራሴው መስኮቱ ላይ እመልሳታለሁ። በረንዳው ላይ እትዬ ሳቪታ የሚጸልዩባት በሶብላ የምትመስል ተክል በማሰሮ ነበረች፤ አንድ ቀን እጣቢውን እሷ ላይ ላፈስ ስል እትዬ ሳቪታ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ። "ሎሚው! ሎሚው!" አሉኝ። ሎሚው ይበልጥ የጠማው መሰለኝ።

እኛ ቤት ሁለት ብርጭቆ ስለሰበርኩ ዕቃ እንዳልነካ ታግጄ ነበር። እዚህ ግን የራሴ ኩባያ፣ የራሷ ቦታ ያላት፣ በራሴ እጅ የምትታጠብ! ሹመት ነው የመሰለኝ። ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

የወጥ ቤታቸውን ደፍ አልፌ አላውቅም። "እሳት አለ፣ ትቃጠያለሽ" ይሉኛል። እኔም በረንዳው ላይ ተቀምጬ በዝንብ መከላከያው ወንፊት በር አሻግሬ አያቸዋለሁ። ዝንጅብሉን በትንሽ ሙቀጫ ሁለት ሦስቴ ይሉታል፤ ሄሉን ይሰነጥቃሉ፤ ቁንዶ በርበሬ አንዳንዴ። ውሃው ቅጠሉን ይዞ ከጠቆረ በኋላ ወተቱ ይገባል። ከዚያ ሦስቱ ግንፈላ ይመጣል። "አንደኛው ለውሃው፣ ሁለተኛው ለወተቱ፣ ሦስተኛው ለእንግዳው" ይሉ ነበር። ሦስቴ ሳያስገነፍል የሚያወርድ ሰው እንግዳው ቶሎ እንዲሄድለት የሚፈልግ ነው። የራሳቸውን ሻይ በኩባያው ማስቀመጫ ሳህን ላይ ገልብጠው ፉት ሲሉ የሚወጣው ድምፅ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔም ቤቴ ሞክሬው አባዬ "ፍየል ነሽ እንዴ?" አለኝ።

ሻዩን እየጠጣን ያወሩልኛል። እሳቸው ልጅ ሳሉ ሻይ እንደ ነውር ይታይ ነበር አሉ። አያታቸው "ደም ያደርቃል፣ ፊት ያጠቁራል" እያሉ ያስፈራሩ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ማንቆርቆሪያ በጋሪ የጫኑ ሰዎች ሰፈሩ መጡ። የፈረንጅ ሻይ ነጋዴዎች የላኳቸው ናቸው፤ እያፈሉ በነፃ ያጠጣሉ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሸሸ፤ ቀጥሎ አንድ ሁለት ሰው ቀመሰ፤ ኋላ ጋሪው ሲመጣ ልጅ አዋቂው ይሰለፍ ጀመር። ፈረንጆቹ "ቅጠል አብዙ፣ ወተት ቀንሱ፣ ቅመም አትጨምሩ" ብለው ቢመክሩ ማን ይስማቸው! "ቅጠሉን እነሱ ሸጡልን፣ ሻዩን ግን እኛ ነን የሠራነው" ይሉና ይኮራሉ፤ ራሳቸው የፈለሰፉት እስኪመስል።

ከሁሉ የምወደው ግን የባቡር ጣቢያውን ወሬ ነበር። ባቡር ሲገባ ሻይ ሻጮች በመስኮቶቹ ሥር እየሮጡ ይጮሃሉ። "ሂንዱ ሻይ! ሙስሊም ሻይ!" እትዬ ሳቪታ ድምፃቸውን አወፍረው እንደ ሻጮቹ ሲጮሁልኝ በሳቅ እፈርሳለሁ።

"ሙስሊም ሻይ ምን ይገባበታል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ምንም። ያው ሻይ ነው። ሻጩና ኩባያው ነው የሚለየው።"

"ለምን ይለያል?"

"እንደዚያ ነው" አሉኝ፤ ዝናብ ለምን ይዘንባል ያልኳቸው ይመስል። "ደግሞ በሸክላ ኩባያ የሚሸጥም ነበር። ጠጥተሽ ሐዲዱ ላይ ወርውረሽ ትሰብሪዋለሽ። የሌላ ሰው አፍ የነካውን ሌላው አይነካውም።"

ሁለት ብርጭቆ ሰብሬ የተቀጣሁት እኔ፣ ኩባያ መስበር የሚፈቀድበት አገር እንዳለ ሰምቼ ቀናሁ።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤታችን ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሠራሁ። ሶፋው ባቡር ሆነ፤ የአባዬ ኮፍያ የጣቢያ ሹም ኮፍያ። እማዬ ከሥራ ገብታ እግሯን ዘርግታለች። እኔ የፕላስቲክ ኩባያዎች ይዤ ሶፋውን እየዞርኩ "ሂንዱ ሻይ! ሙስሊም ሻይ!" እያልኩ ጮህኩ።

"ምንድን ነው የምትይው?" አለች።

ነገርኳት። ስለ ጣቢያው፣ ስለ ሻጮቹ፣ በመጨረሻም እየተኮፈስኩ "እኔም የሙስሊም ኩባያ አለኝ፣ ማም!" አልኳት።

እግሯን ሰበሰበች። "የት ነው የምትቀመጠው?"

"መስኮቱ ላይ።"

"ከውስጥ ነው ከውጭ?"

"ከውጭ።"

"ማን ነው የሚያጥባት? አንቺ ነሽ?"

"የስ! ሀው ዲድ ዩ ኖው?"

"አውቀዋለሁ" አለች እማዬ። ብርቱካንማ ሰደሪያዋን አወለቀችና አጣጥፋ ጭኗ ላይ ይዛው ቆየች።

ከሰኞ ጀምሮ እትዬ ሳቪታ ጋ መሄድ ቀረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይከፍትልኛል፤ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል፤ እኔ ውሃ ስቀዳ ይነቃል፣ ቴሌቪዥን ስከፍት ይነቃል። ሐሙስ ዕለት ዓይኑ ደም መስሎ "እንዲህ ሆኜ ሥራ ቦታ እንቅልፍ ቢወስደኝ ያባርሩኛል" አለ። እማዬም "እንግዲያው ሥራውን እኔ ልተወው። ሰኞ እነግራቸዋለሁ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበር። እኔ ደግሞ በአጥሩ ስንጥቅ እያየሁ ነበር የሰነበትኩት። እትዬ ሳቪታ በየቀኑ በዚያች ሰዓት በረንዳቸው ላይ ይወጣሉ፤ ወደ በራችን ያያሉ፤ ይገባሉ። ኩባያዬ መስኮቱ ላይ እንደተደፋች ናት።

ዓርብ አባዬ ለሥራ ሲዘጋጅ እማዬ ስትነግረው ሰማሁ። "ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ቅል ነበር። አጥሩ ላይ የሚንጠለጠል። የሸክላ ሠሪዋ ቅል። ሌላ ሰው አይነካውም።"

አባዬ ጫማውን እያሰረ "ታዲያ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አይሆንብሽም?" አላት። ሊያስቃት ፈልጎ ነው። እማዬ ግን አልሳቀችም።

"ለእትዬ ሳቪታ ሳልነግራቸው ሥራዬን አልተውም" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ይዛኝ ሄደች። እትዬ ሳቪታ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ የእማዬን ፊት ሲያዩ ደግሞ ጨለመ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። "የምልሽን እንዳለ ንገሪያቸው። እንዳታለሳልሺው" አለችኝ እማዬ። ተቆጥታ እንኳ አንቱታዋን አልጣለችም።

"ልጄ በእናንተ ቤት ኩባያዋ ከውጭ የሚያድረው ለምንድን ነው? በያቸው።"

አልኩ። እትዬ ሳቪታ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ ገብተው ሰማያዊውን ቆርቆሮ ይዘው መጡና እማዬ ፊት አስቀመጡት።

"አምላኬ ፊት የቀረበውን ልጅሽ አትበላም፤ አልተቀየምኩም፤ ለይቼ አስቀመጥኩላት። አንቺ የአንቺን ለየሽ፣ እኔ የኔን። ጥፋቴ ምንድን ነው?" አሉ።

እማዬ ቆርቆሮውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እውነታቸውን ነው" አለች በመጨረሻ። "ጣፋጩን ስንተው ግን ከእጃቸው ሸሽተን አይደለም። እጃቸውን ብንሸሽ ልጃችንን እንሰጣቸው ነበር? ኩባያው ሌላ ነው። ኩባያውን አውቀዋለሁ፤ እኛም ቤት ነበረ።" ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወራች። በገበያ ቀን ማሰሮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣ ሴት ነበረች። የእማዬ አያት ማሰሮውን ይገዟታል፣ ወጥ ይሠሩበታል። ሴትየዋ ግን ከአጥሩ አታልፍም። ውሃ ሲጠማት አጥሩ ላይ ያለውን ቅል ራሷ ታወርዳለች። "የማፈስላት እኔ ነበርኩ። ቅሉን እንዳልነካ ከላይ ወደ ታች። 'ቡዳ ናት፣ ዓይኗን እንዳታዪው' ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እየጠጣች ፈገግ አለችልኝ። ማድጋውን ጥዬ ሮጥኩ።"

ሸክላ ሠሪን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ "ድስት የምትሠራ ሴት" አልኩ። ቡዳንም "ዓይኗ ልጅ የሚበላ" ብዬ አለፍኩት። እትዬ ሳቪታ ግን አንዱም አልጠፋቸውም። ጭራሽ እኔ ሳልጨርስ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

"አሁን እዚያ አጥር ሥር የቆመችው ልጄ ናት በያቸው" አለች እማዬ።

ይህን ስተረጉም ነው የገባኝ። ሹመቴ ምን እንደነበር። ፊቴ በአንዴ ጋለ፤ ለክፍል ጓደኞቼ የነዛሁት ጉራ ሁሉ ተራ በተራ ትዝ አለኝ። ወደ መስኮቱ ላለማየት እግሬን አየሁ።

እትዬ ሳቪታ "ስሟ ማን ነበር?" አሉ።

"የማን?"

"የዚያች ሴት።"

እማዬ "አላውቅም" አለች። "ማንም ጠይቋት አያውቅም።"

እትዬ ሳቪታ የሳሪያቸውን ጫፍ ሰብስበው ተነሡና ገቡ። የወንፊቱ በር ተዘጋ። ትንሽ ጠብቀን ወደ ቤታችን ተመለስን።

እሑድ የስልክ ካርድ ገዝታ መጣች። ቁጥሩን በጥፍሯ ፍቃ ኮምቦልቻ ላሉት አክስቷ ደወለች። ያን ጊዜ ወደ አገር ቤት ሲደወል መጮህ የግድ ነበርና የአክስትየውም ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

"ሸክላ ሠሪዋ? የቷ? ምን አደረገችሽ ደግሞ እዚያ ድረስ?"

"ምንም! ስሟን ነው የፈለግኩት፣ አክስቴ! ስሟን!"

"ለስሟ ነው ይሄን ሁሉ ብር የምትከሰክሺ? እንጃ... አበቡ መሰለኝ። አዎ፣ አበቡ። ሞታለች እኮ፣ ቆየች።"

እማዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላም እጇን ከላዩ አላነሣችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ነገ ከትምህርት ቤት እትዬ ሳቪታ ጋ ሂጂ። እኔ እስክመጣ ግን ምንም እንዳትጠጪ።"

ሰኞ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። ኩባያዬ የለችም። ወረወሯት ብዬ አሰብኩ። እትዬ ሳቪታ የወንፊቱን በር ገፍተው ከፈቱና "ግቢ" አሉኝ።

"ወጥ ቤት?"

"ግቢ።"

ገባሁ። ትንሽ ወጥ ቤት ናት። ያን ያህል ዘመን አሻግሬ ሳያት ቤተ መንግሥት መስላኝ ነበር። እማዬ እስክትመጣ አልጠጣም አልኳቸው። ድስቱ በዚያ ሰዓት ሁለት ጊዜ ገንፍሎ ነበር። እሳቱን አጠፉ። "ሦስተኛው ለእናትሽ ይቆይ" አሉ። ተቀምጠን ጠበቅናት፤ የቤት ሥራዬን ጠረጴዛቸው ላይ ሠራሁ።

እማዬ ብርቱካንማ ሰደሪያዋን እንደለበሰች መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እኔን ውስጥ አየችኝ። እትዬ ሳቪታ በእጃቸው ጠሯት። ገባችና ተቀመጠች። እሳቱ ተለኮሰ፤ ሻዩ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ፤ ወረደ። ሦስት የብረት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ፤ አንዷ ጎኗ የተሰረጎደ ናት። በልማዴ እጄን ወደ እሷ ሰደድኩ።

እትዬ ሳቪታ እጄን በቀስታ አነሡና ሌላውን ኩባያ አስጨበጡኝ። የተሰረጎደችውን ራሳቸው ያዟት። በሳህን አልገለበጡም። ለረጅም ጊዜ ውስጧን አዩ። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ያላደረጉት ነገር ነበር። ከዚያ መራራ መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ እንባ ነበረው። "ያው ሻይ ነው" አሉ።

ልተረጉም ስል እማዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ኩባያዋን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

"አበቡ" አለች። "ስሟ አበቡ ነበር።"

"አበቡ" አሉ እትዬ ሳቪታ፣ እንዳይጠፋባቸው ቀስ ብለው።

ከዚያ እማዬም ጠጣች።